ውሃ የማይጠጣው ውሃ አከፋፋይ

ትዝታ ለመጻፍ ገና ልጅ ነሽ የሚሉኝ አሉ። አርባ አልሞላኝም፣ እውነት ነው። ግን ያደግኩባት አርባ ምንጭ ከእኔ ቀድማ አርጅታ፣ ከእኔ ቀድማ ደግሞ ታድሳ ሌላ ከተማ ሆናለች፤ የማስታውሰውን ካሁኑ ካልጻፍኩት ነገ የሚያምነኝ አይኖርም። ባለፈው ሳምንት አባቴን ልጠይቅ ወደ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወርጄ ነበር። ዋናው ቦይ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ የሙዙ ማሳ መግቢያ ላይ፣ የዘመኑ ውሃ አከፋፋይ ቆሟል። ወጣት ነው፤ ጃንጥላ ዘርግቷል፤ ትከሻው ላይ በሲባጎ ያንጠለጠለው ሃይላንድ አለ። እያየሁት የጠርሙሱን ግማሽ ጠጣና አጠገቡ ለነበረው ገበሬ «አንዴ ያዝልኝ» ብሎ ከሙዙ ጀርባ ወዳለችው የቆርቆሮ ሽንት ቤት ሄደ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ውሃው ደረቅ ማሳ ውስጥ ሲገባ የሚነሳው የአፈር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ እኔም እዚያው የወደቀ ግንድ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ልጅ የሚጠጣው ውሃ፣ የሚገባባት ሽንት ቤት፣ «ያዝልኝ» ያላት ቃል ሳትቀር ታሪክ እንዳላቸው አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ኩራቴን መንገድ ላይ ላወራው ስላልፈለግኩ ግን ሰላም ብዬው አለፍኩ።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ባጃጅ ሲቀላን ገና አላጥለቀለቃትም፤ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ቁልቁለቱን በእግራችን እንወርዳለን፣ ስንመለስ ደግሞ ላብ እያጠመቀን እንወጣለን። በዚያ ሙቀት ዩኒፎርማችን ሹራብ ነበረው። ማን እንዳሰበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ መንገዱን ሁሉ ወገባችን ላይ አስረነው እንሄድና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እንለብሰዋለን። ገበያው ማዕዘን ላይ ካሴት የሚቀዳ ሱቅ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ ስለሚያዞረው የዘመኑን የፍቅር ዘፈኖች ሁሉ እየሄድኩ ነው የሸመደድኳቸው። ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የመዝሙሩን ዜማ ለዘፈኑ ቃል፣ የዘፈኑን ቤት ለመዝሙሩ ሐሳብ እያዋስኩ የራሴን እሠራ ነበር። ግጥም እንዲህ ይጻፋል ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ ብር ይዞ የወጣ ሰው ሁለት እጁን ሙዝ ሞልቶ በሚመለስበት ጊዜ እኔ ብሬን ለደብተር አውለው ነበር፤ በደብተሩም ከፊት ትምህርት፣ ከኋላ ቤት የሚመቱ ቃላት ይጻፋሉ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። እማዬ የአንቺ ወንበር እሾህ አለው ትለኝ ነበር፤ ዛሬም ባለቤቴ ይህንኑ ይለኛል፣ ከማን እንደሰማ እንጃ።

አባቴ ጳውሎስ ይባላል፤ የኩልፎ ዳር ውሃ አከፋፋይ ነበር። ሥራውን ለማያውቅ ላስረዳ። ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ በዋናው ቦይ ይመጣና ወደ እያንዳንዱ የሙዝና የማንጎ ማሳ በተራ ይከፈታል። በበጋ ወንዙ ሲያንስ የአንድ ሰዓት ውሃ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ጉሮሮ ነው። ስለዚህ አከፋፋዩ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ የቦዩ በር ላይ ይቆማል፤ ከላይም ከታችም ያለው ገበሬ ከሩቅ ያየዋል። ለአምስት ደቂቃ ቢሰወር ለማን ከፈተ፣ በማን ዘጋ ይባላል። ከታች ያሉ ሰዎች ውሃውን ስለሚጠጡት በቦዩ አካባቢ መሽናት ትልቅ ነውር ነው፤ ዙሪያው ደግሞ የሰው ማሳ ነው፣ ሴቶች ያልፉበታል። የኩልፎ ውሃ አከፋፋዮች ከድሮ ጀምሮ ለዚህ ያገኙለት መላ አንድ ብቻ ነበር፤ ውሃ አለመጠጣት። ጠዋት ሳይጠጡ ይወጣሉ፣ ቀኑን ሙሉ በዚያ ፀሐይ ይቆማሉ፣ ማታ ቤታቸው ገብተው አንድ ጣሳ ይጠጣሉ። አባቴ በዚህ ስሙ የታወቀ ነበር። ጳውሎስ ውሃ ላይ ቆሞ ውሃ አይቀምስም ይሉታል። እኔም በዚህ እኮራ ነበር፤ እንዲያውም የመጀመሪያ ግጥሜ ስለዚሁ ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ጠፍቷል።

ያን ዓመት በጋ ላይ አባቴ ቀኝ ጎኑን መያዝ ጀመረ። ከጎድን አጥንቱ በታች፣ ወደ ጀርባው ጠጋ ብሎ። ሕመሙ ሲነሳበት ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይቆማል፤ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከዚያ ይተወዋል። እማዬ የዶማ ሥራ ያመጣው ነው ብላ ጨርቅ እያሞቀች ትይዝለታለች። ሽንቱ ደም መቀላቀሉን ለእሷ እንኳ የነገራት በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን በሽታውን ያውቀው ነበር፤ የውሃ አከፋፋይ በሽታ ነው። ከአባቴ በፊት የነበሩት ሁሉ ያንኑ ጎናቸውን ይዘው ነው ከሥራው የወጡት። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጎሜ ነው ይላሉ። ጎሜ በጋሞ ምድር ክልክል የጣሰ ሰው ላይ የሚመጣ ቅጣት ነው፤ ውሃ የሚያካፍል ሰው የአንዱን ተራ ካጎደለ፣ ሰው ባያየው እንኳ፣ በገዛ ገላው ይከፍላል ነው ነገሩ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ቢጠየቅ በጎሜ አላምንም ይላል። ውጋቱ ሲነሳ ግን ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ሻንቆ ሊጠይቀው መጣ። ጋሽ ሻንቆ ከአባቴ በፊት ለብዙ ዓመት ውሃ ያካፈለ፣ ረጅም፣ ወገቡ የጎበጠ ሽማግሌ ነው። እሱም በዚሁ ሕመም ነው ሥራውን የለቀቀው። ከቦዩ ታች የምትኖረውን ባሏ የሞተባትን ወይዘሮ አበበችን ሳላውቅ በድያት ይሆናል ብሎ ከራሱ ማሳ ጥሩውን የሙዝ መስመር ሰጥቷታል። ከዚያ ወዲህ በሰው መሐል አይናገርም፤ ስብሰባ ሲኖር ከሁሉም ኋላ ይቀመጣል፤ ይጠየቃል፣ አይመልስም። ያን ቀን ግን ለአባቴ ተናገረ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። «እኔም እንደ አንተ ማንንም አልበደልኩም እል ነበር» አለው። «ገላዬ ግን መሰከረብኝ። ሳይብስብህ ይቅርታ ጠይቅና ልቀቅ፣ ጳውሎስ።»

በማግስቱ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት መዞር ጀመረ። በየደጁ ቆሞ ተራህን አጉድዬብህ አውቃለሁ ወይ እያለ ይጠይቃል። አዎ ያለው ሰው አልነበረም። ይህ ደግሞ አባሰው፤ አዝነውልኝ ነው የሚደብቁኝ ብሎ አሰበ። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረን። ዝናብ ሳይገባ ሁሉም ገበሬ ወጥቶ ቦዩን የሚጠርግበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ በዚያ ቀን በሁሉም ፊት የማላውቀውን በደሌን ተናዝዤ ሥራውን አስረክባለሁ አለ። እማዬ አለቀሰች። ሥራው ይሂድ፣ ግድ የለም፤ ግን አባቴ በዚያ ምድር ያለው ሀብት ስሙ ብቻ ነበር፣ እሱን በገዛ አፉ ሊያረክሰው ነው። ሕመሙ ደግሞ ሥራውን ቢለቅም አይለቀውም፤ ከለቀቀ በኋላም ጎኑን የሚይዘውን ጋሽ ሻንቆን አይቶ ይህን ማወቅ ይቻል ነበር።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቲቸር ደምሴ በዚያው ሳምንት የበግ ኩላሊት ይዛችሁ ኑ አለን። ዛሬ ልጆቼ ኩላሊትን በስልክ ላይ በጣታቸው እያዞሩ ያያሉ፤ እኛ ግን ከሲቀላ ሥጋ ቤት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው ያመጣነው። ባለ ሥጋ ቤቱ አስተማሪያችሁ ጥብስ ሊበላ ከሆነ ሽንኩርትም ውሰዱለት እያለ ቀለደብን። ቲቸር ደምሴ ኩላሊቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በምላጭ ለሁለት ሰነጠቀው። ገና «ሽንት» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልተቆጣም። የሳቀ ሁሉ ተነስቶ ቃሉን ጮክ ብሎ ሦስት ጊዜ ይበል አለ። ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርኩ። በሕይወቴ በሰው ፊት ብዬው የማላውቀውን ቃል ሦስት ጊዜ ስል ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ፤ አራተኛ ቢለኝ ግን ምንም አይመስለኝም ነበር። ቃሉ ቃል ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለን አየን። ዳር ዳሩ ጠቆር ያለ ቀይ ቅርፊት ነው፤ ከውስጥ ጫፋቸውን ወደ መሐል የቀሰሩ ትንንሽ ተራሮች ተደርድረዋል፤ መሐሉ ላይ ነጣ ያለ ጉድጓድ አለ። ደም በወፍራሙ ሥር ይገባል፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓይን በማያያቸው ማጣሪያዎች ያልፋል፤ ከተጣራው ውሃ ገላ የሚፈልገው ሁሉ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል፤ የሚቀረው ትንሹ፣ ቆሻሻውንና ትርፉን ጨው ይዞ፣ ከየኩላሊቱ በሚወርድ ቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይሄዳል። ፊኛው እስኪሞላ ይይዛል፤ ሲሞላ በሩ ይከፈታል። እኔ ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፤ ያየሁት ግን ኩልፎ ዳር ነው። እዚያው ቆሜ በደብተሬ ጀርባ ጻፍኩ፤

ማንም ሳያመሰግን፣ ማንም ስም ሳይሰጠን፣
ደም ስናጥብ አደርን ከወገብ ተቀምጠን።

ቤት በመምታቱ ተደስቼ ሳልጨርስ ቲቸር ደምሴ ቀጠለ። ሰው ውሃ ሲያንሰው ኩላሊቱ ያለችውን ውሃ አጥብቆ ይይዛል፤ ሽንቱ ይወፍራል፤ ውስጡ ያለው ጨው ይዘቅጥና ጠጠር ይሆናል፤ ጠጠሩ ቀጭኑ ቱቦ ላይ ሲቀረቀር የሚሰጠው ሕመም ከምጥ ይቆጠራል አለ። የት እንደሚያም ሊያሳየን መዳፉን ጎኑ ላይ አደረገ። ከጎድን አጥንቱ በታች፣ ወደ ጀርባው ጠጋ ብሎ።

ማወቁ ቀላል ነበር፤ መናገሩ ነው ጭንቁ። ሴት ልጅ ለአባቷ ስለ ሽንቱ እንዴት ትናገራለች? ሦስት ቀን ዞርኩት። በአራተኛው ቀን ከበቆሎ ዱቄት የሚድበለበለው ኩርኩፋ በሀለኮ፣ ማለት በሽፈራው፣ ቅጠል ተሠርቶ ነበርና ምሳውን እኔ ልውሰድለት ብዬ ከአንድ ጀሪካን ውሃ ጋር ወደ ቦዩ ወሰድኩለት። ምሳውን በላ፤ ውሃውን በእጁ መለስ አደረገው። ከእግሩ ሥር እርጥብ ደለል ነበር። እንጨት አነሳሁና መሳል ጀመርኩ። መጀመሪያ ዋናውን ቦይ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ሁለት ማሳ፣ ከየማሳው የሚወርድ አንድ አንድ ቀጭን ቦይ፣ ከታች አንድ ኩሬ፣ ከኩሬው አፍ ላይ በር።

አባቴ ዓይኑን ከውሃው ላይ ነቅሎ አየው። «ይሄ የማን ቦይ ነው?» አለኝ።

«የሰው ነው፣ አባዬ።»

ጎንበስ ብሎ መረመረው፤ ቦይ አይቶ ዝም ማለት አይችልም። ወደ ማሳው የገባው ውሃ የት ይደርሳል ብሎ ጠየቀኝ። አብዛኛው ተጣርቶ ወደ ዋናው ቦይ ይመለሳል አልኩት። ደስ አለው፤ አሠራሩ ጥሩ ነው፣ ውሃ አይባክንም አለ። የሚቀረውስ? የሚቀረው ቆሻሻውን ይዞ በቀጭኖቹ ቦዮች ወርዶ ኩሬው ውስጥ ይጠራቀማል አልኩት።

«ከዚያስ?»

አንገቴን ደፋሁ። «ከዚያማ በሩ ይከፈታል፣ አባዬ።»

አሳለ። ግራ ቀኙን አየ፤ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። በጥፊ የሚለኝ መሰለኝ። እሱ ግን ወደ ሥዕሉ ተመለሰ፤ እንጨቱን ከእጄ ወሰደና የውሃውን መንገድ ከላይ እስከ ታች ተከተለ። ጠጠር የሚለውን ቃል ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ከላይ የሚገባው ውሃ ሲያንስ ደለል ይተኛል» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «መሐሉ ላይ አይተኛም። ሰፊው ወደ ጠባቡ ሲገባ፣ እዚህ ጋ ነው የሚተኛ።» የእንጨቱን ጫፍ ያሳረፈው ቀጭኑ ቦይ ከቀኙ ማሳ በሚነሳበት ቦታ ላይ ነበር። ሌላው እጁ ሳያዘው ቀኝ ጎኑ ላይ ሄደ። ያን ጊዜ ዓይናችን ተገናኘ። አባቴ አራተኛ ክፍል እንኳ አልጨረሰም። ቲቸር ደምሴ በምላጭ ከፍቶ ያሳየንን እሱ ሳይከፍተው አገኘው።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ቲቸር ደምሴ። በበግ ኩላሊት አሳየን።»

«በጉም ውሃ አይጠጣም ነበር?» አለና በሕመሙ መሐል ሳቀ።

ከዚያ ጀሪካኑን አንስቶ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ላይም ታችም ያለ ሰው እያየው፣ እስኪበቃው ጠጣ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደግሞ በአባቴ ዘመን ሆኖ የማያውቅ ነገር ሆነ። «በሩን ያዢልኝ» አለኝና ሄደ። እኔ፣ የአሥረኛ ክፍል ሴት ልጅ፣ የኩልፎን በር ያዝኩ። ውሃው ወደ ባለ ተራው ማሳ ያለ ማጓደል ይፈስ ነበር። ከታች አንድ ገበሬ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ እየሮጠ መጣ፤ አባትሽ የት ሄደ አለኝ። ክፍል ውስጥ በተማርኩት ድምፅ ሽንቱን ሊሸና አልኩት። ሰውየው መሬት መሬት እያየ ወደመጣበት ተመለሰ።

ሆስፒታል የሄድነው በማግስቱ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ከሌላ አገር የመጣ። ሆዱን ቅባት ቀብቶ በማሽን አየውና ጠጠሩን አሳየን፤ የሽሮ ክክ የማታህል ነጭ ነጥብ ናት። አባቴ ይህ ነገር በሰው ዕንባ ሊመጣ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ አልገባውም፤ «አባ፣ ይሄ የውሃ ጉዳይ ነው» አለው። «የውሃ ጉዳይ ከሆነማ እኔ አውቀዋለሁ» አለ አባቴ። ከአልጋው የተነሳው እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ነው። ጠጠሯ ትንሽ ስለሆነች በመድኃኒትና በብዙ ውሃ ትወጣለች ተባለ፤ ኩላሊቱ ገና አልተጎዳም ነበር። ስምንት ቀን ጠጣ፣ ስምንት ቀን ተሰቃየ። በዘጠነኛው ቀን ወጣች። አጥቦ የክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጣት።

የቦይ ጠረጋው ቀን ደረሰ። ሁሉም ገበሬ ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነውን የዱንጉዛ ሱሪያቸውን ለብሰዋል፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል። ሁሉም አባቴ ሊናዘዝ እንደሆነ ሰምቷል። እማዬ እጄን ይዛኛለች። አባቴ መሐል ላይ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። በየቤታችሁ መጥቼ በድያችሁ እንደሆነ ጠይቄያችኋለሁ፤ አልበደልከንም አላችሁኝ፤ አላመንኳችሁም፤ ዛሬ አምኛችኋለሁ አለ። ከዚያ ውሃ አለመጠጣቱን፣ ሽንቱ መወፈሩን፣ ደም መቀላቀሉን፣ ጠጠሩን፣ አንድም ሳይደብቅ በሴቶቹ ፊት ተናገረ። የክብሪት ቀፎውን ከፈተና ጠጠሯን በመዳፉ ላይ አወጣ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ዛሬ በስንት መድረክ ላይ ሰው ሲናገር ሰምቻለሁ፣ ራሴም ግጥም አንብቤያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ንግግር ግን ዳግመኛ አልሰማሁም።

ከሁሉም ኋላ ጋሽ ሻንቆ ተነሳ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት። መጥቶ ጠጠሯን ከአባቴ መዳፍ አነሳትና ወደ ዓይኑ አስጠጋት።

«ከአንተ ነው የወጣች?»

«ከእኔ።»

«እኔም አውጥቻለሁ» አለ ጋሽ ሻንቆ፣ በቀስታ። «ሁለት። የበደሌ ምልክት ናቸው ብዬ ሰው እንዳያያቸው ቀበርኳቸው።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረ። «አበበች፣ ታዲያ እኔ አንቺን አልበደልኩሽም?»

ወይዘሮ አበበች ነጠላዋን አስተካከለች። «ያኔም አልበደልከኝም ብዬህ ነበር» አለችው። «ሙዙን የተቀበልኩት ከደጄ አልነሳም ስላልክ ነው።»

ጋሽ ሻንቆ ጠጠሯን ለአባቴ መለሰለት። የጎበጠው ወገቡ አልተቃናም፣ ግን ፊቱን ወደ ገበሬዎቹ ሲያዞር በዚያ ሁሉ ዓመት ያልሰማነው፣ ከቦዩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማ ነበር የሚባለው ድምፁ ወጣ። ከዛሬ ጀምሮ በር የያዘ ሰው ውሃ ይጠጣል አለ። ሲጨንቀው አጠገቡ ያለው ገበሬ በሩን ይይዝለታል፤ ያልያዘለት ተራው ያልፈዋል። ከሙዙ ጀርባ፣ ከቦዩ ርቆ፣ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ቆርቆሮውን እኔ እሰጣለሁ። የሚቃወም አለ ብሎ ጠበቀ። አባቴ ባዶ ራሱን፣ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ፣ ተማሪ አስተማሪውን እንደሚያዳምጥ ያዳምጠው ነበር።

የተቃወመ አልነበረም። ጋሽ ሻንቆ ከአንዱ ጎረምሳ እጅ ዶማ ተቀበለና ከሁሉም ቀድሞ ቦዩ ውስጥ ወረደ።